ከሰርቨር ወደ ኔትወርክ ማከማቻ የሚያደርሱ መንገዶችን ስለማዋቀር

አንድ ተገልጋይ በአገልግሎት መስጫ መስኮት ቀርቦ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሲሰጠው ችግሩ ከብዙ ምክንያቶች በአንዱ የመጣ ሊሆን ይችላል። መብራት ተቋርጦ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ወይም ሶፍትዌሩ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል። ከእነዚህ ሌላ ከውጭ የማይታይ አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም ሰርቨሩ በሥራ ላይ እያለ፣ መዝገቦቹም በማከማቻው ውስጥ በደኅና ተቀምጠው ሳሉ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር መቋረጡ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ገመድ ወይም አንድ ስዊች በመበላሸቱ ብቻ የልደት ምዝገባ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የታካሚ ካርድ ለሰዓታት ሊወጣ የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ይህንን ለመከላከል ሰርቨርና ማከማቻ ከአንድ በላይ በሆኑ መስመሮች እንዲገናኙ ይደረጋል። መስመሮቹን አስተባብሮ አንዱ ሲቋረጥ ሥራውን በሌላው የሚያስቀጥለው አሠራር መልቲፓዝ ይባላል። ይህ ጽሑፍ የራሳቸው ሰርቨር ያላቸው የጤና ተቋማት፣ ኮሌጆች፣ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትና መሰል ድርጅቶች አሠራሩን ሲያዋቅሩ ወይም በአቅራቢ ሲያስተክሉ ሊያውቁት የሚገባውን ይዟል። ማብራሪያው በዋነኛነት የሊነክስ ሰርቨር አይስካዚ በተባለው ስልት ከማከማቻ ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታ ይከተላል። አይስካዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ደረጃ የወጣለት ሲሆን የዲስክ ትእዛዞችን በተለመደው የኤተርኔት መስመር ላይ ያስተላልፋል። እንደ ፋይበር ቻናል ልዩ ካርድና ልዩ ስዊች ስለማይጠይቅ በአነስተኛ ተቋማት አቅም የሚተከለው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።

መንገድ ማለት ምን ማለት ነው

መንገድ ሲባል ገመዱ ብቻ አይደለም። ከሰርቨሩ የኔትወርክ ካርድ ተነሥቶ በገመዱ፣ በስዊቹ፣ በማከማቻው ፖርትና ኮንትሮለር አልፎ ዲስኩ ድረስ ያለው ጉዞ በሙሉ አንድ መንገድ ነው። አንድ ሰርቨር ሁለት ፖርት ቢኖረው፣ ማከማቻውም ሁለት ኮንትሮለር ኖሮት እያንዳንዱ ኮንትሮለር ወደ ሁለቱም ስዊቾች አንድ አንድ ገመድ ቢልክ፣ ከእያንዳንዱ የሰርቨር ፖርት ወደ ሁለቱ ኮንትሮለሮች ሁለት ሁለት መንገድ ይኖራል፤ በድምሩ አራት ማለት ነው።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በራሱ አራቱ መንገዶች ወደ አንድ ዲስክ እንደሚያደርሱ አያውቅም። በእያንዳንዱ መንገድ የመጣውን ራሱን የቻለ ዲስክ አድርጎ ይመዘግበዋል። በመሆኑም በማከማቻው ላይ የተዘጋጀ አንድ ባለ 2 ቴራባይት ሎጂካል ዲስክ በሰርቨሩ ላይ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ እና ኤስዲኢ የተባሉ አራት ዲስኮች ሆኖ ይታያል። ይህንን ያልተረዳ ባለሙያ በመጀመሪያው ላይ ፋይል ሲስተም ሠርቶ መዝገብ ካስገባበት በኋላ፣ ሁለተኛውን ባዶ መስሎት ፎርማት ሊያደርገው ይችላል። ያጠፋው ግን የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱን በሁለት ቦታ ከፍቶ በአንድ ጊዜ ቢጽፍባቸውም ውጤቱ ያው ነው፤ ሰርቨሩ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች መስለውት እርስ በርስ እያፈራረሰ ይጽፋል። ስለዚህ ተጨማሪ ገመድ ያለ መልቲፓዝ መዘርጋት ጥቅም አለመስጠቱ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ገመድ የባሰ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የመልቲፓዝ ሶፍትዌር ይህንን የሚፈታው እያንዳንዱ ሎጂካል ዲስክ የሚይዘውን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር በመጠየቅ ነው። መለያው የሚመጣው ከማከማቻው ስለሆነ በየትኛውም መንገድ ቢጠየቅ አይለወጥም። ተመሳሳይ መለያ የሰጡት አራቱ ዲስኮች በአንድ ስም ሥር ይጠቃለላሉ፤ በሊነክስ ይህ ስም ብዙውን ጊዜ ኤምፓዝኤ፣ ኤምፓዝቢ እያለ ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ ፋይል ሲስተም የሚሠራው፣ ዳታቤዝ የሚቀመጠው፣ ማንኛውም ሥራ የሚከናወነው በዚህ የጥቅል ስም ብቻ ነው። ኤስዲቢን ወይም ኤስዲሲን በቀጥታ መንካት ክልክል ሆኖ ሊያዝ ይገባል።

አሠራሩ የማይሠራቸውን ነገሮች አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። መልቲፓዝ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ በአራቱም መንገዶች በእኩል ፍጥነት ይሰረዛል። የዲስክ መበላሸትን አይከላከልም፤ ያ የሬይድ ድርሻ ነው። እንዲሁም ሁለት ሰርቨሮች አንድን ሎጂካል ዲስክ በጋራ እንዲጽፉበት አይፈቅድም። ኢኤክስቲ4 ወይም ኤክስኤፍኤስ ያለበት ዲስክ በሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ይበላሻል፤ ለጋራ አጠቃቀም ተብሎ የተሠራ የክላስተር ፋይል ሲስተም ያስፈልጋል።

ከማዋቀር በፊት፦ መንገዶቹ በእርግጥ የተለያዩ ናቸው?

በወረቀት ላይ ሁለት የሆነ መንገድ በሥራ ላይ አንድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁለቱ ገመዶች ወደ አንድ ስዊች ከገቡ ስዊቹ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለት ስዊች ኖሮ ሁለቱም ከአንድ ዩፒኤስ የኃይል መስመር ከወሰዱ ዩፒኤሱ ሲዳከም አብረው ይወድቃሉ። የሰርቨሩ ሁለት ፖርቶች በአንድ የኔትወርክ ካርድ ላይ ከሆኑ ካርዱ ሲቃጠል ሁለቱም ያከትማሉ። የኃይል መዋዠቅና መቆራረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። በገንዘብ እጥረት ሁሉንም መለየት ካልተቻለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለስዊቹና ለኃይል ምንጩ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለተኛ ካርድ መግዛት ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

በአይስካዚ አሠራር እያንዳንዱ መስመር የራሱ ሳብኔት እንዲኖረው ይመከራል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የሰርቨሩ ሁለት ፖርቶች በአንድ ሳብኔት ውስጥ ከሆኑ ሊነክስ ወደዚያ ሳብኔት የሚሄደውን መልእክት በልማዱ በአንደኛው ፖርት ብቻ ይልካል። በመሆኑም በሪፖርት ላይ አራት መንገድ ቢታይም ጭነቱ በሙሉ በአንድ ገመድ ላይ ሊያልፍ፣ ያ ገመድ ሲነቀልም አራቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። የመጀመሪያው መስመር ለምሳሌ 10.10.1 በሚጀምር፣ ሁለተኛው 10.10.2 በሚጀምር አድራሻ ቢደራጅ ይህ ችግር አይፈጠርም። ሁለቱ ሳብኔቶች የቢሮ ኮምፒውተሮች ከሚጠቀሙበት ኔትወርክ የተለዩ መሆን አለባቸው።

ሌላው ጥንቃቄ የመልእክት መጠን ነው። ለፍጥነት ሲባል የኔትወርክ ፓኬት መጠን ከተለመደው 1500 ባይት ወደ 9000 ከፍ የሚደረግበት አሠራር አለ። ይህ ሲደረግ በሰርቨሩ፣ በስዊቹና በማከማቻው በሁሉም ላይ መደረግ አለበት። አንዱ ከተረሳ የሚፈጠረው ብልሽት አታላይ ነው፦ አነስተኛ መልእክቶች ያልፋሉ፣ ግንኙነቱ ይመሠረታል፣ የመንገድ ፍተሻውም «ደኅና» ይላል፤ ብዙ መረጃ መጻፍ ሲጀመር ግን ሥራው ቀጥ ይላል። ለማረጋገጥ መልእክቱ እንዳይከፋፈል ተከልክሎ የ8972 ባይት ፒንግ በእያንዳንዱ መስመር መላክ ይበቃል፤ ቀሪው 28 ባይት የመልእክቱ ራስጌ ነው። ምላሽ ካልመጣ ወደ 1500 መመለስ ይሻላል። ከፍ ያለው መጠን የሚያስገኘው ጥቅም በአነስተኛ ተቋም ዘንድ እምብዛም አይደለምና ለእርሱ ሲባል አገልግሎትን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

እያንዳንዱ ሰርቨር ራሱን ለማከማቻው የሚያስተዋውቅበት የአይስካዚ ስም አለው። ሰርቨሮች ከአንድ ቅጂ ተባዝተው ሲተከሉ ይህ ስም አብሮ ይባዛል። ማከማቻው ሁለቱን አንድ ሰርቨር አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አንዱ የሌላውን ዲስክ ሊከፍት ይችላል። ስለሆነም በተባዛ ሰርቨር ላይ በመጀመሪያ የሚለወጠው ይህ ስም ነው።

የማዋቀሩ ቅደም ተከተል

በቅድሚያ የመልቲፓዝ ሶፍትዌሩ ይጫንና አገልግሎቱ ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ይደረጋል። ከዚያ ሰርቨሩ በሁለቱም መስመሮች በኩል ወደ ማከማቻው ፖርቶች ሁሉ እንዲገባና ይህም በየጊዜው በራሱ እንዲደገም ይታዘዛል። ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ሆኖ መንገዶቹ ቀድመው ከገቡና ሶፍትዌሩ በኋላ ከተጫነ፣ በመካከሉ ኤስዲቢን በቀጥታ የያዘ ፋይል ሲስተም ወይም ሌላ አገልግሎት ሊኖር ስለሚችል ጥቅሉ ሳይፈጠር ይቀራል።

የውቅር ፋይሉ መልቲፓዝ ዶት ኮንፍ ይባላል፤ የሚገኘውም ኢቲሲ በተባለው ማውጫ ውስጥ ነው። በፋይሉ ውስጥ ለሁሉም የሚያገለግሉ መነሻ ዋጋዎች፣ የማይካተቱ ዲስኮች ዝርዝር፣ በማከማቻ ዓይነት የሚለዩ ዋጋዎች እንዲሁም ለአንድ የተወሰነ ሎጂካል ዲስክ የሚሰጥ ስም በየክፍላቸው ይጻፋሉ። በዚህ ረገድ ሊታወሱ የሚገባቸው ጥቂት ነጥቦች አሉ።

የሰርቨሩ የውስጥ ዲስክ በማይካተቱት ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። መለየቱ በኤስዲኤ ዓይነት ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ይሁን፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ስሞቹ ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉና። ለእያንዳንዱ ሎጂካል ዲስክ ሥራውን የሚገልጽ ስም መስጠት፣ ለምሳሌ «መዝገብ» ወይም «ምስል» ማለት በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ በችግር ጊዜ ግራ መጋባትን ይቀንሳል። አንድ ዲስክ በስሕተት ሲነቀል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኤምፓዝቢ እና ኤምፓዝዲ በችኮላ መምታታታቸው ነው።

መንገዶቹ እንዴት እንደሚቧደኑ የሚወስነው የማከማቻው ባሕርይ ነው። አንዳንድ ማከማቻዎች በሁለቱም ኮንትሮለሮቻቸው በእኩል ያስተናግዳሉ። ሌሎች ደግሞ አንድን ሎጂካል ዲስክ በባለቤትነት የያዘው ኮንትሮለር በፍጥነት ሲያስተናግድ፣ ሁለተኛው ትእዛዙን ተቀብሎ ለባለቤቱ ስለሚያስተላልፍ ይዘገያል። ይህንን ልዩነት ማከማቻው ለሰርቨሩ የሚያሳውቅበት ስልት አልዋ ይባላል። በዚህ ዓይነት ማከማቻ ላይ መንገዶቹ በቅድሚያ ደረጃቸው እንዲቧደኑ ማዘዝ ያስፈልጋል። ፈጣኖቹ ሁለት መንገዶች በጋራ ይሠራሉ፤ ዘገምተኞቹ ሁለት በተጠንቀቅ ይቆያሉ። ምንም ባይጻፍ ሶፍትዌሩ ለብዙ የታወቁ ማከማቻዎች ተስማሚውን ዋጋ በውስጡ ይዟል። ስለሆነም ከበይነ መረብ ላይ የተገኘ ረጅም የውቅር ጽሑፍ ገልብጦ ከመለጠፍ በፊት የማከማቻውን አምራች ሰነድ መመልከት፣ ሰነዱ ዝም ካለም በውስጥ ያለውን ዋጋ መተው ይመረጣል። አጭር የውቅር ፋይል ከረጅሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ትክክል ነው።

ኤልቪኤም የሚጠቀሙ ተቋማት የጥቅሉን ስም ብቻ እንዲያይና ነጠላ መንገዶቹን እንዲዘል ማድረግ አለባቸው። ዲስኩ በቋሚነት የሚከፈትበት ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥም የሚጻፈው የጥቅሉ ስም ሲሆን፣ ኔትወርክ ሳይነሣ እንዳይሞከር «ኔትዴቭ» የሚለው ምልክት ይጨመርበታል። የውቅር ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር ሰርቨሩ ሲነሣ የሚጠቀምበት የመነሻ ምስል እንደገና ሊሠራ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ሰርቨሩ እስኪጠፋ ድረስ በአዲሱ ውቅር፣ ከተነሣ በኋላ ግን በአሮጌው ሊሠራ ይችላል። ብልሽቱም የሚገለጠው ውቅሩ ከተለወጠ ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ለውጡን ያደረገው ባለሙያ በሌለበት ይሆናል።

የጥበቃ ጊዜ

ከውቅሩ ሁሉ ለተገልጋዩ በቀጥታ የሚታየው ይህ ነው። መንገድ ሲቋረጥ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይጠብቃል ወይስ ሥራው በሙሉ ይቆማል የሚለውን የሚወስኑት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው።

ገመድ ሲነቀል ሰርቨሩ ወዲያውኑ ላያውቅ ይችላል። አይስካዚ መስመሩ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጠው በየተወሰነ ጊዜ አጭር መልእክት ልኮ ምላሽ በመጠበቅ ነው። በሊነክስ ላይ በተለመደው ዋጋ መልእክቱ በየ5 ሰከንዱ ይላካል፤ ምላሹም ለ5 ሰከንድ ይጠበቃል። ስለዚህ መቋረጡ እስኪታወቅ እስከ 10 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ከታወቀ በኋላ አይስካዚ መስመሩ ይመለስ እንደሆነ ሌላ ጊዜ ይጠብቃል፤ የዚህ መነሻ ዋጋ 120 ሰከንድ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ላለው ሰርቨር ይህ ትዕግሥት ተገቢ ነው፤ ሌላ የሚሄድበት የለውምና። መልቲፓዝ ባለበት ግን ሁለተኛው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ሥራው ከሁለት ደቂቃ በላይ ይቆማል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ መተግበሪያዎች ተስፋ ቆርጠው ስሕተት ያሳያሉ። ስለዚህ ይህ ዋጋ ወደ 15 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ዝቅ ሊል ይገባል። የመልቲፓዝ ሶፍትዌሩ ራሱ ይህንን ዋጋ ሊለውጠው ስለሚችል፣ በፋይል ከተጻፈው ይልቅ በሥራ ላይ ያለውን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ውሳኔ ሁሉም መንገዶች አብረው ሲጠፉ ምን ይደረግ የሚለው ነው፤ «ኖ ፓዝ ሪትራይ» በተባለው መስመር ይገለጻል። ሦስት አማራጭ አለው። «ፌል» ከተባለ ስሕተቱ ወዲያውኑ ለፋይል ሲስተሙ ይነገራል። ኤክስኤፍኤስ በዚህ ጊዜ ራሱን ይዘጋል፤ ኢኤክስቲ4 ደግሞ መጻፍን ከልክሎ ማንበብን ብቻ ሊፈቅድ ይችላል። መንገዱ ቢመለስ እንኳ ባለሙያ ካልደረሰ አገልግሎቱ በራሱ አይነሣም። «ኪው» ከተባለ ተቃራኒው ይሆናል፤ ትእዛዞቹ ሁሉ ያለ ገደብ ይሰለፋሉ። መንገዱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ሥራው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ካልተመለሰ ግን ዲስኩን የጠየቁ ፕሮግራሞች ሊቆሙ በማይችሉበት ሁኔታ ይንጠለጠላሉ፤ ሰርቨሩን በሥርዓት ማጥፋት እንኳ ያስቸግራል። ሦስተኛው አማራጭ ቁጥር መጻፍ ነው። ፍተሻው በየ5 ሰከንዱ የሚካሄድ ከሆነና 12 ከተጻፈ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ይነገራል።

የትኛው ይሻላል የሚለው በተቋሙ ሁኔታ ይወሰናል። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው፣ ማታ ባለሙያ ለማይኖረውና ስዊቹ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ሁለትና ሦስት ደቂቃ ለሚወስድበት ተቋም፣ ከዚያ ጊዜ የሚበልጥ ቁጥር መጻፍ ተገቢ ነው፤ ለ5 ደቂቃ 60 ይጻፋል። ሁለት ሰርቨሮች አንዱ ሌላውን እንዲተካ በተደራጁበት ቦታ ግን ረጅም ጥበቃ ጎጂ ነው። የመጀመሪያው ሰርቨር በተስፋ ሲጠብቅ ሁለተኛው ሥራውን መረከብ አይችልምና አጭር ቁጥር ወይም «ፌል» ይመረጣል። ያለ ገደብ መጠበቅ በቂ ምክንያት ሳይኖር ሊመረጥ አይገባም።

የተቋረጠው መንገድ ሲመለስ ሥራው ወዲያውኑ ወደ ቀድሞው ይመለስ ወይስ ባለሙያ ይፍቀድ የሚለውም ይወሰናል። ወዲያውኑ መመለስ ምቹ ነው። ሆኖም መስመሩ በየደቂቃው እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ ሥራው ወዲያና ወዲህ ሲንገላታ ይውላል። በዚህ ረገድ ጨርሶ ከተበጠሰ ገመድ ይልቅ በከፊል የሚሠራ ገመድ ይበልጥ ያስቸግራል፤ የመጀመሪያው ወዲያው ከሥራ ይወጣል፣ ሁለተኛው ግን ፍተሻውን እያለፈ ሁሉንም ያዘገያል። እንዲህ ያለ መስመር ሲገኝ ገመዱ እስኪለወጥ በእጅ ከጥቅሉ ማውጣት ይገባል።

ፍተሻ

አንድ ተቋም መልቲፓዝ አለኝ ሊል የሚችለው ገመዱን በእጁ ነቅሎ ካየ በኋላ ነው። በስክሪን ላይ አራት መንገድ «አክቲቭ» ሆኖ መታየቱ ሽግግሩ እንደሚሠራ አያረጋግጥም። ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት አቅራቢው ባለበት፣ እውነተኛ መዝገብ ባልተጫነበት የሙከራ ዲስክ ላይ ፍተሻው ይካሄዳል።

ትልቅ ፋይል ወደ ዲስኩ እየተገለበጠ እያለ አንዱ ገመድ ይነቀላል። መገልበጡ ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ መቀጠል አለበት፤ የቆመበት ጊዜ በሰዓት ተለክቶ ይመዘገባል። ገመዱ ተመልሶ መንገዱ በራሱ ወደ ጥቅሉ መግባቱ ይታያል። ከዚያ የሁለተኛው ገመድ ተራ ነው፤ ብዙ ፈታሾች የመጀመሪያውን ብቻ ነቅለው ይበቃል ይላሉ፣ ሆኖም በአንድ አቅጣጫ የሚሠራ ሽግግር በሌላው ላይሠራ ይችላል። ቀጥሎ አንዱ ስዊች ከኃይል ይነቀላል፤ በመጨረሻም አንዱ ኮንትሮለር እንደገና እንዲነሣ ይደረጋል። በየመካከሉ ሁሉም መንገዶች ተመልሰው መግባታቸው ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው መሄድ አይገባም። መገልበጡ ሲያበቃ የዋናው ፋይልና የቅጂው ማረጋገጫ ድምር ይነጻጸራል፤ ልዩነት ካለ ርክክቡ ይቆማል።

ከእነዚህ በተጨማሪ የሚረሳ አንድ ፍተሻ አለ፤ አንዱ መስመር ተነቅሎ ሳለ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። በሥራ ላይ እያለ መቋረጥን የሚችል ሰርቨር፣ ሲነሣ አንድ መንገድ ካጣ ሊቆም ይችላል። ኃይል ጠፍቶ በሚመለስበት ጊዜ ደግሞ አንዱ ስዊች ከሌላው ዘግይቶ የሚነሣበት ሁኔታ የተለመደ ነው።

በሥራ ላይ ስለሚደረግ ክትትል

መልቲፓዝ በትክክል ሲሠራ ብልሽትን ይደብቃል። የመጀመሪያው መስመር ሲቋረጥ ማንም አያውቅም፤ ሠራተኛው ሥራውን፣ ተገልጋዩም ጉዳዩን ይቀጥላል። ተቋሙ ከዚያች ቀን ጀምሮ በአንድ መስመር ላይ እየሠራ መሆኑን ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለተኛው መስመር ሲቋረጥ አገልግሎቱ በሙሉ ይቆማል። በዚህ ጊዜ «ሁለት መስመር ተገዝቶ ነበር» የሚለው ቅሬታ ይነሣል፤ ሆኖም የጎደለው የመጀመሪያውን መቋረጥ ያየ ሰው ነው።

ስለዚህ የመንገዶቹ ብዛት በየቀኑ ተቆጥሮ ከሚጠበቀው ጋር መነጻጸር አለበት። የክትትል ሶፍትዌር ያለው ተቋም ቁጥሩ ከአራት ሲያንስ መልእክት እንዲደርሰው ያደርጋል። ሶፍትዌር የሌለው ደግሞ ባለሙያው ጠዋት ሥራ ሲገባ «መልቲፓዝ» የሚለውን ትእዛዝ በዝርዝር ማሳያ ምርጫው አስጀምሮ ውጤቱን በመዝገብ ቢይዝ በቂ ነው። «ፌልድ» ወይም «ፎልቲ» የሚል ቃል ከታየ አገልግሎቱ ባይቋረጥም እንደ አስቸኳይ ጉዳይ ይታያል።

የመረጃ ደኅንነት

አይስካዚ የሚያስተላልፈውን መረጃ በራሱ አይመሰጥርም። መስመሩ ላይ የደረሰ ሰው የሚያልፈውን ማንበብ ይችላል። የአይስካዚ ስምም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር ሊገለብጠው ይችላል፤ ስለዚህ ማከማቻው በስም ብቻ እንዲፈቅድ ማድረግ በቂ አይደለም። ቻፕ የተባለው የምስጢር ቃል ማረጋገጫ በሁለቱም መስመሮች ላይ ሊነቃ ይገባል፤ በአንዱ ላይ ብቻ ከነቃ ሌላው ክፍት በር ሆኖ ይቀራል። ምስጢር ቃሉ ከ12 እስከ 16 ፊደላት ቢሆን በዊንዶውስ ሰርቨርም ላይ ያለችግር ይሠራል። የማከማቻው ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔትም ሆነ ወደ ቢሮው ኔትወርክ መውጫ ሊኖረው አይገባም። የዜጎችን የግል መረጃ የያዙ ተቋማት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ ስላለባቸው ይህ የቴክኒክ ምርጫ ብቻ ሆኖ አይታይም።

በሌሎች ሥርዓቶች ላይ

በዊንዶውስ ሰርቨር አሠራሩ ኤምፒአይኦ በሚል ስም ይገኛል፤ እንደ ተጨማሪ ክፍል ተጭኖ ለአይስካዚ ዲስኮች እንዲያገለግል መፈቀድ አለበት፤ ሰርቨሩንም እንደገና ማስነሣት ይጠይቃል። በቪኤምዌር ላይ መልቲፓዝ በውስጡ ያለ ሲሆን የሚቀረው መስመሮቹን መለየትና የአጠቃቀም ስልቱን መምረጥ ነው። ኤንቪኤምኢ የተባሉ አዳዲስ ማከማቻዎች በሊነክስ ላይ ከከርነል 4.15 ጀምሮ የራሳቸው መልቲፓዝ አላቸው፤ እዚህ የተገለጸው የውቅር ፋይል እነርሱን ላይመለከት ይችላል። የመንገዶች መለያየት፣ የጥበቃ ጊዜና የነቅሎ ማየት ፍተሻ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

በርክክብ ጊዜ መያዝ ያለባቸው ሰነዶች

ተቋሙ ከአቅራቢው ሊረከብ የሚገባው ዕቃውን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ገመድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ሥዕል፣ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ የተለጠፈ ተመሳሳይ ምልክት፣ የሎጂካል ዲስኮቹ መለያ ቁጥርና የተሰጣቸው ስም፣ የውቅር ፋይሎቹ ቅጂ፣ የጥበቃ ጊዜ ቁጥሮቹ ከነተመረጡበት ምክንያት እንዲሁም የፍተሻው ውጤት ከተለኩት ሰከንዶች ጋር በጽሑፍ ሊሰጡት ይገባል። የምስጢር ቃሎቹ ከእነዚህ ተለይተው በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው ይሰጣሉ። ከሰነዶቹ አንድ ቅጂ ታትሞ ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ ይቀመጣል፤ ማከማቻው ሊደረስበት በማይችልበት ሰዓት በማከማቻው ውስጥ ያለ ሰነድ ሊነበብ አይችልምና።